ሙሽራ ይዞ ከመቱ ወደ ያዮ

በመቱ ከተማ የዛሬ አሥራ አምስትና ሃያ ዓመት የተዳሩ ሴቶች የሠርጋቸውን ፎቶግራፍ አውጥተው ቢያሳዩአችሁ፣ ከሙሽራዋ ኋላ አንዲት ነጭ ኮሮላ መታየቷ አይቀርም። ከኮሮላዋ አጠገብ አንድ ቀጭን ረዥም ሰው ከረባት አስረው፣ ፎቶ አንሺውን ሳይሆን የመኪናዋን ጎማ እየተመለከቱ ቆመዋል። ጋሼ ጭምዴሳ ናቸው።

በሥራ ቀን ወደ ሁሩሙ፣ ወደ ያዮና ወደ ጎሬ ኮንትራት ይጭኑ ነበር። በጥርና በሚያዝያ ግን የሙሽራ ሾፌር ነበሩ። ዘመዱ የሞላ፣ ገንዘብ የተረፈው ቤተሰብ እንኳ ከአዲስ አበባ መኪና ከማስመጣቱ በፊት ደጃቸውን ያንኳኳል። ሙሽራ በእጃቸው ስትሆን የእናቷ ልብ ያርፋል።

ሰው የሚያውቃቸው በሁለት ነገር ነበር። አንደኛው ቁጠባቸው ነው። ቤንዚን በጀሪካን ተሸጦ በሚጠፋበት አገር መኪና የሚነዳ ሰው ብልሃት ያስፈልገዋል፤ የእሳቸው ብልሃት ቁልቁለት ነበር። ዳገቱን በሩጫ ተቀብለው ጫፍ ላይ ሲደርሱ ማርሹን ባዶ ያደርጉና መኪናዋን ይለቋታል። ሾፌሮች ይህን «ፎሌ» ይሉታል። ኮሮላዋ እስከ ሸለቆው ድረስ ነፋስ ብቻ እየተሰማት ትወርዳለች። «ይህን እግዜር ነው የሚነዳልን፤ ለእሱ ደግሞ ቤንዚን አይከፈልም» ይሉ ነበር። የመናኸሪያ ሾፌሮች ያሾፉባቸዋል፤ «ጋሼ ጭምዴሳ ቤንዚን በሻይ ማንኪያ ነው የሚቀዱት!» እሳቸው ፈገግ ብለው ያልፋሉ።

ሁለተኛው ደንባቸው ነው። ሙሽራ መንገድ ላይ ከመኪና አያወርዱም። አንድ ጊዜ ሁሩሙ መግቢያ ላይ ጎማ ፈነዳ። ሚዜዎቹ ሁሉ ወረዱ፤ ሙሽራዋም ልትወርድ እግሯን ስታወጣ በሩን መልሰው ዘጉባት። ክሪኩን አስገብተው መኪናዋን ከነሙሽራዋ አነሷት። አንዷ ሚዜ በሳቅ ሞተች።

«ጋሼ፣ ኧረ ሙሽራዋንም አብረው ሰቀሏት እኮ!»

«ትሰቀል። ሙሽራ ወርዳ የምትረግጠው የሚቀበላትን ቤት ደጃፍ ነው።»

ይህን ደንብ ከየት እንዳመጡት የሚያውቁት ጥቂት ሰዎች ነበሩ። ጋሼ ጭምዴሳ ራሳቸው ሲያገቡ፣ በሚያዝያ ዝናብ፣ የተከራዩት ላንድሮቨር ጭቃ ውስጥ ሰጠመ። ሙሽራዋ ገለኔ ነጭ ልብሷን ሰብስባ ወረደችና በእግሯ ሄደች። እየሳቀች ነበር አሉ፤ ጭቃው እስከ ጉልበቷ ደርሶ። በዓመቱ ሴት ልጅ ስትገላገል ሞተች። ሁለቱን ነገር አያይዘው ሲናገሩ የሰማ የለም። ግን ከዚያ ወዲህ የማንንም ልጅ መንገድ ላይ አላወረዱም።

ሕፃኗን ኢሊሊ ብለው ሰየሟት። ያሳደጓት ያዮ የሚኖሩት የጋሼ ጭምዴሳ ታላቅ እኅት ሻሽቱ ናቸው። እትዬ ሻሽቱ የራሳቸውን ልጅ ጡት ለሁለት አካፍለው አጠቧት፤ ኢሊሊ ለትምህርት መቱ እስክትመጣ ድረስ እናቴ የምትለው እሳቸውን ነበር። «አዮ» ትላቸዋለች፤ በአገሬው ኦሮምኛ እማዬ እንደ ማለት ነው። መቱ ገብታም ቢሆን አርብ በደረሰ ቁጥር ደብተሯን እንደያዘች ከአባቷ ኮሮላ ፊት ለፊት ትቆማለች። «አባዬ፣ አዮ ጋ ውሰደኝ» ማለቷ ነው።

ኢሊሊ አደገች፤ መቱ ዩኒቨርሲቲ ተማረች፤ ጋምቤላ በሥራ ላይ ያለ አንድ ጨዋ ወጣት ጠየቃት። ሠርጉ ለ2017 ዓ.ም. ጥር ተቆረጠ። ኅዳር ላይ ግን እትዬ ሻሽቱ ታመሙ። ሆስፒታል ብዙ ተኙ። በመጨረሻ ሐኪሞቹ ለጋሼ ጭምዴሳ ቀስ ብለው ነገሯቸውና በሽተኛዋን ወደ ቤታቸው ሸኟቸው። ሕመሙ ልማድ ነበረው። ጠዋት ጠዋት ትኩሳቱ ይበርድና እትዬ ሻሽቱ የድሮዋ ሻሽቱ ይሆናሉ፤ ይቀልዳሉ፣ ዶሮዎቻቸውን ይጠይቃሉ። ፀሐይ ከፍ ስትል ትኩሳቱ ይወጣና ሰው አይለዩም።

በሠርጉ ሳምንት ወንድማቸውን በስልክ እንዲህ አሏቸው፤

«ጭምዴሳ፣ ሠርጉ ላይ አልመጣም፤ ይህን አንተም ታውቃለህ። ልጄን ግን ቬሎዋን ለብሳ ልያት። እጄን ጭኜ ልመርቃት። ከዚያ በኋላ የፈለገው ይሁን።»

«አመጣልሻለሁ።»

«ጠዋት ነው ታዲያ። ከሰዓት ብታመጣት ለማንም አትበጅም፤ እኔ የለሁም።»

ስለዚህ ነገሩ ተቆረጠ። በሠርጉ ዕለት ማለዳ ኢሊሊ ቬሎዋን ለብሳ ያዮ ትወሰዳለች፤ ተመርቃ ትመለሳለች፤ እኩለ ቀን ላይ ሙሽራው መቱ መጥቶ ይወስዳታል።

ኮሮላዋ ግን የለችም ማለት ይቻላል። ማደያው ደርቆ ሰንብቷል፤ በጀሪካን የሚገኘውም ከባጃጅ አይተርፍም፤ ታንከሯ ባዶ ሆኖ በረንዳው ሥር ቆማለች። በዚህ ጊዜ ነው አሜን የመጣው። አሜን የሙሽራው አብሮ አደግ ነው፤ የመቱ ልጅ ሲሆን አዲስ አበባ መኪና ይነግዳል። ለሠርጉ ዕለት ሊያውሳቸው ያመጣት መኪና በከተማው ታይቶ አይታወቅም። ቀይ ናት፤ ሁለት በርና ሁለት ወንበር ብቻ አላት፤ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው። በኤሌክትሪክ የምትሄድ የውድድር መኪና ናት አለ። ሰፈሩ ተሰበሰበ።

ጎረቤታቸው እትዬ ረሂማ፣ ወላጆቻቸው ከወሎ መጥተው እዚህ የሰፈሩ ባለ ሱቅ ናቸው፤ መኪናዋን ዞር ዞር ብለው አዩና፣

«ጭምዴሳ፣ ይቺ ቆማለች ወይስ ተኝታለች?» አሉ።

«ቆማ ነው፣ እትዬ» አለ አሜን እየሳቀ።

«ቤንዚን ስንት ትጠጣለች?»

«ቤንዚን አትጠጣም።»

«ምን ትበላለች ታዲያ?»

«መብራት።»

«ውይ! እንግዲያው መቱ ውስጥ በረሃብ መሞቷ ነው!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። አሜን ግን ቅር ሳይለው አስረዳቸው። አንዴ ጠግባ ለመሙላት የምታስከፍለው ሆቴል ገብቶ ለሁለት ሰው ምሳ ከማዘዝ ያነሰ ነው፤ ባትሪዋ ሲያረጅ ግን የሚተካበት ዋጋ ቤት ያሠራል። ከቆመችበት ስትነሣ የሚቀድማት የለም፤ ታዲያ በዚያ ፍጥነት ከተነዳች ቻርጁ በዓይን እያዩት ያልቃል። ጋሼ ጭምዴሳ በጥሞና ያዳምጡ ነበር። እጃቸውን በቀዩ ቆርቆሮ ላይ አሳረፉና ቶሎ አነሱ፤ ሰው እንዳያያቸው ይመስላል። የስንቱን ልጅ ሲያደርሱ ኖረው የራሳቸውን ልጅ ከሁሉ በላቀ መኪና ማድረስ ፈልገው ነበር፤ ይህን ለማንም አልተናገሩም እንጂ ፊታቸው ላይ ይነበብ ነበር።

መኪናዋ ከአዲስ አበባ ስትመጣ ጅማና በደሌ ላይ ብትሞላም መቱ የገባችው ተራቁታ ነው። ከጋሼ ጭምዴሳ ሳሎን በመስኮት ገመድ አወጡላትና ሰኩላት። የቤት ሶኬት ለእሷ ጠብታ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ተሰክታ ጥቂት ብቻ ነበር የጨመረችው። በሠርጉ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ደግሞ መብራት ሄደ። ሆቴል ወስደው ጄኔሬተር ላይ ቢሞክሯት ቀይ መብራት አሳይታ አልቀበልም አለች። ነገሩ አሜንን አሳሰበው።

«ጋሼ፣ ያለው ቻርጅ ለያዮ ደርሶ መልስ ይበቃል፤ ግን በቁጠባ ከነዱት ነው። ካልሆነ ኢሊሊ በሚኒባሱ ትሂድ።»

«ቁጠባ?» አሉ ጋሼ ጭምዴሳ፤ እውነትም ተገርመው። «አንተ ልጅ፣ ቁጠባ ለእኔ ነው የምታስተምረው?»

አሜንም ስቆ ቁልፉን ሰጣቸው። የከተማው ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር እሱም ያውቃል። እንዴት እንደሚቆጥቡ መጠየቅ ግን አልመጣለትም።

በማግስቱ ማለዳ ኢሊሊ ወጣች። ቬሎዋን ሰብስበው ዝቅ አድርገው መኪናዋ ውስጥ አስገቧት፤ ጨርቁ ሞልቶ እስከ መሪው ደረሰ። ሊቺ የምትባለው ዋና ሚዜዋና ሌሎቹ ልጃገረዶች ከበሮ ይዘው በሚኒባስ ከኋላ ተከተሉ። መናኸሪያው ጋ ሲደርሱ ባጃጆቹ መንገዱን ዘጉት። የሙሽራ መኪና መናኸሪያውን ሳይዞር ከመቱ አይወጣም፤ ይህን ልማድ ያጸኑት ራሳቸው ጋሼ ጭምዴሳ ናቸው። ዞሩ። ክላክሱ ተደበላለቀ።

በዳሳ የሚባል ባለ ባጃጅ አንገቱን አወጣና፣

«ጋሼ! ድምፅ የላትም እኮ፤ ታማለች እንዴ?» አለ።

«ሙሽራ ይዛ አፍራ ነው!» አለ ሌላው።

«አንዴ ያስነሷትና እንያት! ለሌላው ሠርግ ሲዘፍኑ ኖረው ለልጅዎ ዝም ሊሉ ነው?»

ጋሼ ጭምዴሳ ኢሊሊን አዩ። ኢሊሊ ሳቀች። ያን ጊዜ ፔዳሉን ረገጡት። መኪናዋ እንደ ተወነጨፈ ድንጋይ ሄደች፤ ኢሊሊ ጮኸች፤ ከኋላ የመቱ ወጣት ሁሉ አብሮ ጮኸ። ከአስፋልቱ ጫፍ ተመልሰው ደግመው ረገጡት። እንደዚያን ቀን ጠዋት ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም የሚሉ ብዙ ናቸው።

ከከተማው ሲወጡ የቀረውን መንገድ የሚያሳየው ቁጥር ወርዶ ነበር። ጋሼ ጭምዴሳ አልደነገጡም። ወደ ሶር ድልድይ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ማርሹን ባዶ አደረጉና መኪናዋን ለቀቋት። ከፊታቸው ያለውን ዳገት ደግሞ እንደ ልማዳቸው በሩጫ ተቀበሉት። እንዲህ እያሉ፣ ዳገቱን በሩጫ፣ ቁልቁለቱን በፎሌ፣ ሁሩሙን አለፉ። ሚኒባሱ ኋላ ቀርቷል፤ የሁሩሙ ልጆች በመንገዱ ላይ ገመድ ወጥረው ሳንቲም ካልሰጣችሁ አታልፉም ብለዋቸዋል።

«አባዬ፣ አዮ ታውቀኛለች?» አለች ኢሊሊ።

«ገና ጠዋት ነው። ጠዋት ታውቃለች።»

«ስታየኝ ምን የምትል ይመስልሃል?»

«ምነው ከሳሽ ነው የምትልሽ። ሌላ ምን ታውቃለች?»

ከሁሩሙ ወዲያ ያለው ረዥም ዳገት መካከል ላይ መኪናዋ መዛል ጀመረች። ቢረግጡት አትሰማም። ከመሪው ፊት ባለው መስታወት ላይ አንድ ብጫ ምልክት በራ፤ ከዚያ ጥቂት ሄዳ ቀጥ አለች። ጫካው ዝም ብሏል። ስልኩን ቢሞክሩ ኔትወርክ የለም፤ መብራቱ ከሄደ ወዲህ እንደዚያ ነበር።

ሚኒባሱ ከቆይታ በኋላ ደረሰ። ሊቺ ሮጣ መጣችና በሩን ከፈተች።

«ኢሊሊ፣ ውረጂ! በእኛ ሂጂ፤ ፀሐዩ ወጣ እኮ!»

«ተይ» አሉ ጋሼ ጭምዴሳ። «አትወርድም።»

«ጋሼ፣ ምን ነካዎት? እትዬ ሻሽቱ—»

«አትወርድም አልኩ። ጫፉ እዚያ ነው፤ ይታያል። ከዚያ ወዲያ እስከ ያዮ አብዛኛው ቁልቁለት ነው፤ ራሷ ትወስደናለች። ግፉ።»

ድምፃቸው የለመዱት ድምፅ አልነበረም። ልጃገረዶቹ ጫማቸውን አውልቀው ገፉ። ሚኒባሱ እንዳይጎትታት ገመድ የሚታሰርበት አልተገኘም። ማር ይዘው ወደ ገበያ የሚወርዱ ገበሬዎች ሸክማቸውን አኑረው አገዙ።

«ምን በልታ ነው እንዲህ የምትከብደው?» አለ አንዱ።

«ባትሪ ነው፤ ሆዷ ሙሉ ባትሪ ነው» አለችው ሊቺ።

«ባዶ ነው አላችሁ አይደል? ባዶው እንዲህ ከከበደ ሙሉው ምን ሊሆን ነው?»

የሳቀ ሰው አልነበረም። መኪናዋ ትንሽ ትሄዳለች፤ ድንጋይ ከጎማዋ ሥር ይደረጋል፤ ሰው ይተነፍሳል። ኩርባ ባለፉ ቁጥር ጫፉ ሌላ ቦታ ይታያል። ጋሼ ጭምዴሳ በአንድ እጃቸው መሪውን ይዘው በትከሻቸው ይገፋሉ፤ ከረባታቸው ዞሮ ጀርባቸው ላይ ወድቋል። ፀሐይ ከዛፎቹ በላይ ወጣች።

በኢሊሊ በኩል ያለው በር ከውስጥ ተከፈተ።

«አባዬ።»

«ትንሽ ነው የቀረው፣ ልጄ።»

«አዮ እየጠበቀችኝ ነው።»

«እናትሽ ገለኔ...» አሉ። ዞረው መጥተው እጃቸውን በሩ ላይ አደረጉ፤ ሊዘጉት ግን አልቻሉም።

ኢሊሊ ቬሎዋን ሰብስባ ወረደች። አቧራው ላይ ቆመች። አባቷን ጉንጫቸውን ስማ ወደ ሚኒባሱ ሮጠች። ጋሼ ጭምዴሳ ፊታቸውን ወደ ጫካው አዞሩ። አብረን እንሂድ ቢሏቸው የሰው አደራ ነው፣ ጥያት አልሄድም ብለው ከመኪናዋ ጋር ቀሩ።

ያዮ ላይ የሆነውን ሊቺ ናት የምትናገረው። እትዬ ሻሽቱ ከንጋት ጀምሮ ደህና ነበሩ። ጎረቤታቸው አራርሳ ደግፎ አስቀምጧቸው፣ አዲስ ሻሽ አስረው፣ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው ነበር። ለምለም ሣር በእጃቸው ይዘዋል፤ የሚመርቁበት ነው። መኪና ባለፈ ቁጥር «ኢሊሊ ናት?» ይላሉ። አራርሳ «ገና ናት» ይላቸዋል። አንዴ እንዲያውም «ያ ቆጣቢ ወንድሜ ቤንዚን እያዳነ ይሆናል» ብለው አስቀውታል። ከዚያ ትኩሳቱ መጣ። ሣሩ ከእጃቸው ወደቀ፤ አራርሳ አንሥቶ ቢያስይዛቸው አልያዙትም።

ኢሊሊ ነጭ ልብሷን ለብሳ በበሩ ስትገባ እትዬ ሻሽቱ ዓይናቸውን ገልጠው ለረዥም ጊዜ አዩዋት።

«ነርሷ መጣች?» አሉ።

«አዮ፣ እኔ ነኝ። ኢሊሊ ነኝ።»

«መርፌውን ዛሬ ተዪኝ፣ እሺ እኅቴ? ልጄ ትመጣለች።»

ኢሊሊ ተንበርክካ እጃቸውን ራሷ ላይ ጫነች። እጁ በትኩሳት ይነዳል፤ ግን እሷ ስትለቀው ተንሸራትቶ ወደቀ። እኩለ ቀን እየቀረበ ስለ ነበር ሚዜዎቹ እያለቀሱ አነሷት።

ሚኒባሱ ሲመለስ ጋሼ ጭምዴሳ ከመኪናዋ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ተነሡ። ሾፌሩ ሊያቆም ፍጥነቱን ሲቀንስ በመስኮቱ የኢሊሊን ፊት አዩ። በእጃቸው እለፉ፣ እለፉ አሉ።

ሠርጉ ተደረገ፤ ተበላ፣ ተዘፈነ። እትዬ ሻሽቱ ሳምንቱ ሳያልቅ አረፉ፤ እስከ መጨረሻው ሰው አልለዩም።

አሜን ለቅሶ ሊደርስ መጣ። ድንኳኑ ውስጥ ኢሊሊም፣ እትዬ ረሂማም ነበሩ። ልጁ ከልቡ አዝኗል፤ መኪናዬ ናት ጥፋተኛዋ እያለ ይቅርታ ይጠይቃል። ከዚያ ምን እንደተፈጠረ ለመረዳት ፈልጎ በየዋህነት ይጠይቃቸው ጀመር። ጋሼ ጭምዴሳ ሁሉንም አንድ በአንድ ነገሩት። ፎሌው ላይ ሲደርሱ አሜን አቀረቀረ።

«ምነው?» አሉት።

«ምንም አይደለም፣ ጋሼ።»

«ተናገር እንጂ።»

«ይቺ መኪና... ቁልቁለት ላይ ማርሹ ባዶ አይደረግም። እግርን ከፔዳሉ ማንሣት ብቻ ነው። ያን ጊዜ ጎማዋ እየዞረ ባትሪዋን መልሶ ይሞላል። ማርሹ ባዶ ከሆነ ግን አትሞላም።»

«ቁልቁለቱ ይሞላታል?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«የሶሩም?»

እትዬ ረሂማ «በቃ፣ አንተ ልጅ፣ ውኃ አምጣላቸው» ብለው ነገሩን ሊያስቀይሩ ሞከሩ። ጋሼ ጭምዴሳ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡት። ኢሊሊ ተነሥታ አጠገባቸው ተቀመጠች፤ ትከሻዋን ከትከሻቸው ጋር አገጣጠመች፤ እስኪመሽ እንደዚያው ነበሩ።

ከአርባው በኋላ ኢሊሊ ወደ ባሏ፣ ወደ ጋምቤላ የምትሄድበት ቀን ደረሰ። አባቷ ሻንጣዋን ይዘው መናኸሪያ ድረስ ሸኟት። አውቶቡሱ አጠገብ ሲደርሱ፣ ሰው እየተጋፋ፣ ኢሊሊ በድንገት አባቷ ፊት ተንበረከከች።

«አባዬ፣ አንተ መርቀኝ።»

«ምን አፍ አለኝ፣ ልጄ? ምርቃትሽን እኮ እኔ ነኝ...»

«እኔ አላልኩህም። ማንም አላለህም። እጅህን ጫንብኝ።»

ጫኑባት። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ አልወጣቸውም። ኢሊሊ አንገቷን ደፍታ ጠበቀች። ረዳቱ «እኅቴ፣ ልንወጣ ነው» አላት። አሁንም ጠበቀች። ክላክስ ተነፋ። በመጨረሻ እጃቸውን ይዛ ሳመችውና ወጣች።

አውቶቡሱ ወደ ጎሬ በሚወስደው መንገድ ታጥፎ ከዓይን ሲጠፋ ነው ቃሉ የመጣላቸው። በመንገዱ መካከል ቆመው፣ ባጃጆቹ በግራ በቀኝ እየዞሯቸው፣ በኦሮምኛ ጮክ ብለው መረቋት፤ «ሆሪ፣ ቡሊ፣ ኢንተላ ኮ! ነጋን ገሊ!» ውለጂ፣ ክበጂ፣ ልጄ፣ በሰላም ግቢ ማለት ነው። ሁለት ጊዜ አሉት። ባለ ባጃጁ በዳሳ ክንዳቸውን ይዞ ከመንገዱ ዳር አወጣቸው። «ሰምታለች፣ ጋሼ» አላቸው። አለመስማቷን ሁለቱም ያውቁ ነበር።